የከተማ ትዝብት እንዴት ይጻፋል? የአዲስ አበባን ነገር በፈገግታ መጻፍ ለሚፈልጉ ጀማሪ ዓምደኞች

«ታዘብኩህ» የሚባለው ለማን እንደሆነ ለአፍታ ያስቡ። ለማናውቀው ሰው አይባልም። ለጠላትም አይባልም፤ ከጠላት ደግ ነገር ስለማይጠበቅ ክፉ ሲሠራ ይከሱታል ወይም ይረግሙታል እንጂ አይታዘቡትም። የምንታዘበው ወዳጅን፣ ጎረቤትን፣ የሥጋ ዘመድን፣ በጥቅሉ የተሻለ የጠበቅንበትን ሰው ነው። ስለ ከተማ ኑሮና ስለ ከተማ አስተዳደር በፈገግታ የሚጻፈው ጽሑፍ በጋዜጦቻችን «ትዝብት» እየተባለ መኖሩ ስለዚህ ተገቢ ነው፤ ጸሐፊው አዲስ አበባን የሚወቅሳት የራሱ ስለሆነች፣ በሹሞቿም የሚቀልደው የገቡትን ቃል ከልቡ አምኖ ስለሰማ ነው። የሚጠሉትን ከተማ በዚህ መልክ መጻፍ አይቻልም፤ ቢሞከርም የሚወጣው ስድብ ነው፤ ስድብ ደግሞ በየታክሲው በነጻ ስለሚገኝ ጋዜጣ ገዝቶ የሚያነበው የለም።

ትዝብትን ከዜናና ከብሶት መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዜና «በክፍለ ከተማው ውሃ በፈረቃ እየቀረበ ነው» ይላል። ብሶት «በውሃ ጥም አለቅን» ይላል። ትዝብት ግን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አየር ሲያፏጭ ሰምታ የምትነሣበትን፣ ጀሪካኖቿን በጨለማ በቅደም ተከተል የምትደረድርበትን፣ ልጇ ነቅቶ «መጣ?» ሲላት «ቀስ በል፣ ታች ያሉትን እንዳትቀሰቅስብኝ» የምትልበትን ደቂቃ ይዞ ይመጣል። ስለ ግፊት ማነስ አንድም ቃል ሳይጻፍ፣ የታችኛው ፎቅ ሰው ቧንቧውን ከከፈተ ለላይኛው እንደማይደርስ አንባቢው ይረዳዋል፤ ፈገግ ካለ በኋላም ነገሩ እንደማያስቅ ይገባዋል።

የሚቆሙበት ቦታ

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ትዝብቱን የሚፈልገው ከጋዜጣዊ መግለጫ ነው። መግለጫ መከታተል ግዴታ ነው፤ ለምን እንደሆነም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን በመግለጫ አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውሃና ማይክሮፎን እንጂ ከተማ የለም። ከተማዋ ያለችው ሰልፍ ባለበት ሁሉ ነው፤ ለእኔም በብዙ ዓመት ሥራ ያላሳፈሩኝ የታክሲ ሰልፍና የወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ናቸው።

የታክሲ ሰልፍ የትራንስፖርት ፖሊሲ ሥጋና ደም ለብሶ የሚታይበት ቦታ ነው። ከሥራ መውጫ በኋላ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቁሙ። ወያላው ታፔላውን የሚያነሣበትንና የሚሸሽግበትን ሰዓት፣ ተራ አስከባሪው ዓይኑን የሚገልጥበትንና የሚጨፍንበትን ሁኔታ፣ አንዱን መንገድ ሁለት ቦታ ቆርጠው ሁለት ጊዜ ሂሳብ የሚቀበሉበትን ብልሃት ይከታተሉ። ታሪፉ በወረቀት ላይ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ሲመሽ ያጥራል። ይህን ለመጻፍ ቅኔ አያስፈልግዎትም፤ የጠዋቱንና የማታውን ክፍያ ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። በታክሲ ውስጥ የሚሰማው ወሬ ግን ምልክት እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ አይርሱ። «አንድ የታክሲ ተሳፋሪ እንዳለው» ብሎ የሚጀምር ትዝብት አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ሊለው ፈልጎ የፈራው ነገር ነው።

የወረዳው መስኮት ደግሞ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ወረዳ፣ መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ከውስጥ ያለችው ወጣት ሠራተኛ «አባባ፣ ሲስተም የለም» አለቻቸው። «የት ሄደ ልጄ?» አሉ። «ሄዶ ሳይሆን ተቋርጦ ነው፤ ነገ ይምጡ።» አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው እያሰቡ፣ «ነገ ስመጣ እሱ ቀድሞኝ ይገባል?» ሲሉ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ ልጅቷም ሳቀች። ወደ ቤቴ ስመለስ የጻፍኩት ቀልዱን ብቻ አልነበረም። ሰዓቱን፣ በሰልፉ ላይ የቆጠርኩትን ሰው ብዛት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ለዚሁ አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚገልጸውን ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛዋ መሣቋን ጻፍኩ። እሷም እንደ ሰልፈኛው ሲስተሙን ትጠብቃለች፤ ይህች ነጥብ ባትኖር ጽሑፉ አንዲትን የወር ደመወዝተኛ ለመዝለፍ የተጻፈ ይመስል ነበር።

በእንዲህ ያለ ቦታ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ አያዋጣም። ሰዉ ወዲያው ንግግሩን ያሳምራል፤ ጥበቃውም ይመጣል። ሰምተው ይውጡና አቅራቢያዎ ካለች ጀበና ቡና ተቀምጠው ቃል በቃል ይጻፉ። የሰው አነጋገር ከሁለት ሲኒ በላይ በጆሮ አይቆይም።

የቀጠሮ ደብተር

የከተማ ትዝብት ጸሐፊ ትልቁ መሣሪያ ቀልድ አይደለም፤ ደብተር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ቀኑን፣ የተናገረውን ባለሥልጣን ኃላፊነት፣ ቃሉን እንደ ወረደ፣ ቃል የተገባውን ነገርና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ይጻፉ፤ በገጹ ግርጌ ደግሞ ተመልሰው የሚያዩበትን ቀን ያስፍሩ። «በቅርቡ» የሚል ቀጠሮ ሲሰጥ «በቅርቡ» ብለው ይመዝግቡና ከጎኑ የዕለቱን ቀን ያኑሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያችን ቀን ማስቀመጥዎ ብቻ ዓምዱን ይጽፍልዎታል።

መመዝገቢያውን ከበጀት ዓመቱ ጋር ማስኬድ ይጠቅማል። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ስለዚህ ቃል የሚገባበት ወቅት አለው፣ የሚቆፈርበትም ወቅት አለው። ዓመቱን ሙሉ ፀጥ ብሎ የቆየ መንገድ በግንቦትና በሰኔ በድንገት ሲቆፈር፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያያዘው በጀቱ ሳይዘጋ ሥራውን ለማስመዝገብ ከሚደረግ ሩጫ ጋር ነው። ክረምቱም የሚገባው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ጉድጓዱና ዝናቡ በየዓመቱ ይገናኛሉ። ነዋሪው ይህን በልማድ ያውቀዋል፤ የእርስዎ ሥራ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ለምን ያህል ሜትር እንደተቆፈረ መጻፍ ነው።

ለተመልሶ ማየት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ቀላል ባቡሩ ነው። በ475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተሠርቶ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት አብዛኞቹ እንደቆሙ በይፋ ተነገረ። «ባቡሩ ከሸፈ» ብሎ መጻፍ ለማንም ይቀላል። እርስዎ ግን አንድ ጣቢያ ላይ ሰዓትዎን ይዘው ይቁሙና በሁለት ባቡሮች መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለፈ፣ በዚያ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ታክሲ እንደወረደ ይቁጠሩ። ዘጠኝ ሰው ሲወርድ ካዩ ዘጠኝ ብለው ይጻፉ፤ «በርካታ» አይበሉ።

የመግለጫውን አማርኛ ማንበብ

መግለጫ መከታተል ግዴታ ነው ያልኩት በቋንቋው ምክንያት ነው። የአስተዳደር አማርኛ የራሱ ሰዋስው አለው፤ ይህን ሰዋስው የማያውቅ ጸሐፊ ራሱ በዚያው ቋንቋ መጻፍ ይጀምራል። አማርኛችን በ«ተ» የሚጀምር ግስ የታደለ ነውና ባለቤቱን ሳይጠሩ ነገሩን መናገር እጅግ ይመቻል፤ አቅጣጫ ተቀምጧል፣ ክፍተት ታይቷል፣ እርምጃ ተወስዷል፣ ይቅርታም ተጠይቋል። ማን አስቀመጠ፣ ማን አየ፣ ማን ወሰደ ብለው ሲጠይቁ ዓረፍተ ነገሩ መልስ የለውም። ስለዚህ መግለጫ በደረስዎ ቁጥር እስክሪብቶ ይዘው እነዚህን ግሶች ያስምሩና በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም ለመሙላት ይሞክሩ። ባዶ የሚቀሩት ቦታዎች የዓምድዎ ርእሰ ጉዳይ ናቸው።

«ፈረሰ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ «ተ» እንኳን አላስፈለገውም። «ቤቶቹ ፈረሱ» ሲባል ቤቶቹ ሌሊት ተማክረው ራሳቸው የወደቁ ይመስላል። ከቤቱ የወጣው ሰው ደግሞ «የልማት ተነሺ» ይባላል። ቃሉን ቀስ ብለው ይዩት፤ «ተነሺ» ማለት ከተቀመጠበት በገዛ ፈቃዱ ብድግ ያለ ሰው ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር እንደሚለቅ ሰው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲገባ፣ ይህ ቃል በየዕለቱ ይሰማ ነበር። በሕጉ ውስጥ ያለ ቃል ነውና መጠቀሙ አያስወቅስም፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር «ተነሺ» ካሉ በሚቀጥለው «የሰው ቤት» ማለትን አይዘንጉ። ሕዝቡም የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። መግለጫው «ሕገ ወጥ ግንባታ» የሚለውን ሰፈርተኛው «የጨረቃ ቤት» ይለዋል፣ ጨረቃ እያበራች በአንድ ሌሊት ቆሞ የሚያድር ቤት ነውና። ሁለቱም ቃላት ስለ አንድ ጭቃ ቤት ይናገራሉ፤ የሰፈርተኛው ቤቱ የተሠራበትን ሁኔታ ይነግረናል፣ የመግለጫው ነገ የሚደርስበትን።

አንዳንድ ሐረግ ደግሞ ራሱን በራሱ ይታዘባል። «የማያዳግም እርምጃ» ማለት ተወስዶ የሚያበቃ፣ ሁለተኛ የማያስፈልገው እርምጃ ነው። በጎዳና ላይ ነጋዴዎች ጉዳይ ይህን ሐረግ ደብተሬ ውስጥ በተለያየ ዓመት ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ የማያዳግመው ነገር ሲደገም ቀኖቹን በተርታ አስቀምጦ ዝም ማለት ይሻላል። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውንም እንዲሁ ይያዙት። ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ሳይመጣ ሲቀር ግንዛቤ የሚያንሰው ምን ጊዜም ቆሻሻውን ይዞ በር ላይ የቆመው ነዋሪ ነው።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ ልጨምር። ይህ ቀልድ ሲበዛ ሹሙ ሁሉ በአንድ ዓይነት አፍ የሚናገር ቀልደኛ አሻንጉሊት ይሆናል። አንዳንዱ ኃላፊ በግልጽ «ገንዘቡ አልቆብናል» ወይም «ተሳስተናል» ይላል። እንዲህ ያለ ንግግር ሲያገኙ በጥቅስ፣ ከነስሙና ከነማዕረጉ ያትሙት፤ በብርቅነቱ ከቀልዱ ሁሉ ይበልጣል።

ቁጥር ሲነገርዎት

የከተማዋን ሕዝብ ብዛት በተመለከተ የማይከራከር የለም። አምስት ሚሊዮን የሚል አለ፣ ስድስት የሚል አለ፤ ስብሰባው በሞቀ ቁጥር ይጨምራል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በአዲስ አበባ የተቆጠረው 2,739,551 ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ «ለእያንዳንዱ ነዋሪ ይህን ያህል» የሚል ስሌት ሲቀርብልዎት አካፋዩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዛሬ ለሥራ ደርሷል፤ ከተማዋ ግን አሁንም እስከ እሱ ድረስ ነው የቆጠረችው።

በጀትም እንዲሁ ነው። የከተማው ምክር ቤት ለ2016 በጀት ዓመት ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ፣ ለ2017 ደግሞ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ አጽድቋል። «በጀቱ በዚህን ያህል እጥፍ አደገ» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ነገር ግን የ2017 በጀት ዓመት ገና እንደጀመረ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ሬንጅ፣ ትራንስፎርመር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚገዛ ከተማ በጀቱ ምን ያህል እንዳደገ በብር ብቻ ሊለካ አይችልም። ነገሩን ለአንባቢ ለማቅረብ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው፤ በጀቱን ትቼ በዚያው ገንዘብ ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ ስንት ሜትር ቱቦ እንደተገዛ እጠይቃለሁ። በዚያ ጥያቄ ላይ ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ይጀመራል።

ቁጥር አንዳንዴ ያለ ምንም ጸሐፊ ርዳታ ትዝብት ይሆናል። በኮንዶሚኒየም ቤት ፈላጊነት በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ ሳይቋረጥ ቆጥቦ፣ ዕጣ የጠበቀ ሰው ያስቡ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር ዕጣ ወጣ፤ በመረጃው ላይ የማጭበርበር ድርጊት ተፈጽሟል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በመጀመሪያው ዕጣ ስሙን አይቶ እልልታ ያስነሣ፣ በሁለተኛው ያላገኘው ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲጽፉ ቅጽል አይጨምሩበት። ሦስቱን ቀኖች ይጻፉና ሰውየው ጎረቤቶቹ «እንኳን ደስ አለህ» ብለው ያመጡለትን ዳቦ ምን እንዳደረገው ይጠይቁት።

ማንን መጠየቅ እንዳለብዎ

መብራት ሲጠፋ ከንቲባን የሚወቅስ፣ መንገድ ሲቆፈር ቴሌን የሚራገም ጸሐፊ የአንባቢን እምነት በፍጥነት ያጣል። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን ያላት፣ ተጠሪነቷ ለፌደራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ውሃና ፍሳሽ የከተማው ነው፤ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና ኢትዮ ቴሌኮም ግን የፌደራል ናቸው። አንድ አስፋልት በአንድ ዓመት ውስጥ በሁሉም ሊቆፈር ይችላል። ከንቲባውም በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም፤ የሚሰይመው 138 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ነው። ሰው ሁሉ የከንቲባውን ስም ሲያውቅ የወረዳውን የምክር ቤት ተመራጭ ስም የሚያውቅ ጥቂት መሆኑ ራሱ አንድ ዓምድ ይወጣዋል።

መረጃ ሲከለከሉ ደግሞ ከማማረር በፊት ደብዳቤ ይጻፉ። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት ተቋም ለተጠየቀው መረጃ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ቅሬታው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱን በመዝገብ ቤት «ገቢ» አስደርገው ማኅተምና ቀን ያለበትን ይያዙ። መልሱ ባይመጣም ያቺ ማኅተም የተመታባት ወረቀት ሠላሳ ቀን ቆጥራ ስለ ግልጽነት ከእርስዎ የተሻለ ትጽፋለች።

የሰፈር ስም

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም ለጸሐፊ ፈተና ነው። «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ውስጥ ስለ መልካም አስተዳደር እየጻፉ በስሙ አለመቀለድ ይከብዳል። አይቀልዱበት፤ ከእርስዎ በፊት ሁሉም ቀልዶበታል። የሚሻለው ስሙ ከነገሩ በኋላ እንዴት እንደሚኖር መታዘብ ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ታቦቱ ማደሪያውን ስለሚፈልግ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ወያላው ግን ዛሬም ቲማቲም ወደሌለበት አሮጌው ቦታ «አትክልት ተራ» እያለ ይጠራል። ቀበሌም ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መታወቂያውም ቤቱም አሁንም «የቀበሌ» ነው። ይህ የሕዝብ መዘንጋት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ሦስት ትውልድ በዚያ ቤት ውስጥ ተወልዶ ተድሯል፣ ዕድሩም ዕቁቡም በዚያው ታቅፏል። ስለዚህ ስለ አንድ ሰፈር ሲጽፉ መልሶ ማልማቱ ካለፈ በኋላም ዕድሩ የት እንደሚሰበሰብ፣ ድንኳኑና ድስቱ በማን ቤት እንደተቀመጠ ይጠይቁ። የተበተነ ሰፈር ዕድርተኞች ከአያት፣ ከቂሊንጦና ከጀሞ ተነሥተው ለለቅሶ አንድ ቦታ ሲገናኙ ማየት፣ ስለ ከተማ ፕላን ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ አስተምሮኛል።

በማን እንደሚስቁ

ቀልድዎ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሂድ። በወያላው አማርኛ፣ በሊስትሮው ልብስ፣ ከገጠር አዲስ መጥታ መንገድ በማታውቅ የቤት ሠራተኛ ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ ብዙ የቆዩ ትዝብቶቻችንም በዚህ ያፍራሉ። እኔም የማፍርበት አለኝ። አንድ ጊዜ በሰፈሬ አንድ አስፋልት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቆፈረ ብዬ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ሀብት ፍለጋ ላይ እንዳሉ አድርጌ ጻፍኩ። ጽሑፉ ተወደደ። ከሳምንት በኋላ አንድ ጎረቤቴ በር ላይ ጠብቀው «ጋሼ፣ ሦስተኛውን እኮ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ የፍሳሽ መስመሬን ላስገባ ብዬ» አሉኝ። ሁለቱን ጉድጓድ ጠይቄ አረጋግጬ ነበር፤ ሦስተኛውን ቀልዱ ስለሞላልኝ አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ሳልናገር ሁለት ብቻ መሆናቸውን አረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ምሳሌ በጣም ሲጥመኝ ስልክ አነሣለሁ።

ስለ ሰምና ወርቅም አንድ ነገር ልበል። ጀማሪዎች ድፍረት ሲያጡ ነገሩን በተረት፣ በአንበሳና በዝንጀሮ ይጠቀልሉታል። ሰምና ወርቅ የሚያምረው ወርቁ የሚከብድ ሲሆን ነው፤ የቱቦ ክዳን መጥፋቱን በቅኔ የሚሸሽግ ጸሐፊ አንባቢውን ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። ቦታውን፣ ቀኑንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠርተው፣ መልስ እንዲሰጥ ጠይቀው፣ የሰጠውንም አብረው ቢያትሙ ከቅኔው የተሻለ ይከላከልዎታል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን አንድ ጊዜ ሙሉውን ማንበብም ግማሽ ቀን እንጂ ከዚያ በላይ አይፈጅም።

ከታተመ በኋላ

ጽሑፉ በወጣ ማግስት ስልክ ይደወላል። የኮሙኒኬሽን ኃላፊው «ወንድማችን፣ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን በጎ በጎውም ቢታይ» ይልዎታል። አይቆጡ፤ በጎው ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለና መቼ እንደተጠናቀቀ ጠይቀው በደብተርዎ ይጻፉ። ሄደው አይተው እውነት ከሆነ እሱም ዓምድ ነው። የተፈጸመ ቃል ያልመዘገበ ደብተር የከሳሽ መዝገብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በእኔ ደብተር ብዙ ከቆዩት መካከል ከቤቴ ወደ ታክሲ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ ነበር። «በአጭር ጊዜ ይገጠማል» የተባለበትን ቀን ጽፌ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አየው ነበር። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ሰው እንዳይገባበት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተክላበት ነበር፤ ሲደርቅ እየቀየረች አቆይታዋለች። ባለፈው ሰኔ ስሄድ አዲስ የሲሚንቶ ክዳን ተገጥሞ አገኘሁት። ቀኑን ጻፍኩ፣ ረግጬም ሞከርኩት፤ ጠንካራ ነው። ቅርንጫፉ ግን ከጎኑ፣ ትኩስ ቅጠል ይዞ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «እትዬ፣ ይሄ አሁን ምን ይሠራል?» አልኳት። ሲኒውን እያለቀለቀች «ይቆይ» አለችኝ።